ስለ ሑላ ሸለቆ ረግረግና በዚያ ስለሚከርሙት ወፎች

ጥቅምት አልፎ ኅዳር ሲገባ፥ እህሉም ታጭዶ ሜዳው ሲራቆት፥ በጣና ባሕር ዳር በፎገራ ሜዳ የሚኖር ሰው ከሰሜን በኩል በሰማይ ላይ እንደ እምቢልታ የሚጮኽ ድምፅ ይሰማል። ቀና ብሎ ቢመለከት፥ አንገታቸውን ወደ ፊት፥ እግራቸውን ወደ ኋላ የዘረጉ አመድማ ወፎች እንደ ሠራዊት ተሰልፈው ሲመጡ ያያል። እነዚህ ወፎች ቀን በቃርሚያው ላይ ይውላሉ፤ ሌሊት ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ በእግራቸው ቆመው ያድራሉ፤ የካቲት ሲያልቅም ተነሥተው ወደ መጡበት ይመለሳሉ። ልጆች፥ «አባባ፥ ከወዴት መጡ?» ብለው ሲጠይቁ አባት፥ «ከፈረንጅ አገር ናቸው» ብሎ ዝም ይላል። መልሱ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን በመንገዱ መካከል ያለውን አንድ ታላቅ ማረፊያ ይዘለዋል። ዛሬ ለዚህ ገጽ አንባቢዎች የምንተርከው የዚያን ማረፊያ ነገር ነው።

አስቀድመን ስለ ስሙ እንናገር። ይህን ወፍ እንግሊዞች ክሬን ይሉታል፤ በዕብራይስጥ ቋንቋ ዓጉር ይባላል። የምንናገረው ዕብራይስጥ ስለሚነገርበት አገር ስለ ሆነ እኛም በዚሁ ስም እንጠራዋለን። በዚህ ጽሕፈት ውስጥ የሚገኙት ዓመታትም ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሑላ በእስራኤል አገር በስተ ሰሜን፥ በላይኛው ገሊላ የሚገኝ ሸለቆ ነው። በምሥራቅ የጎላን ከፍታ፥ በምዕራብ የንፍታሌም ተራሮች ይዘውታል፤ በሰሜን በኩል ራሱን በረዶ የሚለብሰው የአርሞንዔም ተራራ ይታያል። ከዚያ ተራራ ሥር ዳን፥ ባንያስና ሐስባኒ የሚባሉ ሦስት ወንዞች ይወርዱና በሸለቆው ውስጥ ተገናኝተው ዮርዳኖስን ይሆናሉ። የሸለቆው ርዝመት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወርዱ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህ ሸለቆ በሙት ባሕርና በቀይ ባሕር በኩል ወርዶ ከኛው ስምጥ ሸለቆ ጋር የሚያያዘው የታላቁ የምድር ስንጥቅ ክፍል ነው። ስለዚህ ያገራችን ሰው ካርታውን ዘርግቶ ቢያይ፥ ሩቅ የመሰለው ስፍራ ከዝዋይና ከሻላ ጋር በአንድ መስመር ተሰልፎ ያገኘዋል።

በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ በሸለቆው ደቡብ በኩል የዮርዳኖስን መንገድ ስለ ዘጋው ውሃው ወደ ኋላ ተኝቶ ሐይቅ ሆነ። ሐይቁ ጥልቅ አልነበረም፤ በበጋ አንድ ሜትር ተኩል፥ በዝናብ ጊዜ ሦስት ሜትር ቢደርስ ነው። ከሐይቁ በስተ ሰሜን ግን ሰው ገብቶ የማይወጣበት ሰፊ ረግረግ ነበረ። በረግረጉም ላይ የበቀለው ተክል የጣና ሰዎች ታንኳቸውን የሚሠሩበት ደንገል ነው። ደንገል በተፈጥሮው ከሚበቅልባቸው ስፍራዎች ወደ ሰሜን እጅግ ከራቁት አንዱ ይህ ሑላ ነው። በውሃውም ውስጥ የሚኖረው ዓሣ የኛው አምባዛ ነው። ከጣና ዳር ወይም ከደምቢያ ወደዚያ አገር የሄደ ሽማግሌ በሑላ ዳር ቢቆም፥ ስሙን የሚያውቀው ተክልና ስሙን የሚያውቀው ዓሣ ያገኛል ማለት ነው።

በዚያ ረግረግ ዳር ገዋርና የሚባሉ ዐረቦች ይኖሩ ነበር። የውሃ ጎሽ ያረባሉ፤ ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ከደንገሉ ምንጣፍ እየሠሩ ይሸጣሉ፤ ጎጇቸውንም በዚያው ይሠራሉ። ኑሯቸው ግን በንዳድ የተጨነቀ ነበር። ከልጆቻቸው ብዙዎቹ ሳያድጉ ይሞቱ ነበር፤ በኋላ የመጡትም የአይሁድ ሰፋሪዎች በዚሁ በሽታ ብዙ ሰው ቀበሩ። ስለዚህ ረግረጉን የማድረቅ ሐሳብ ከክፋት የተነሣ እንዳልነበረ አንባቢው ልብ ይበል። ልጁን በንዳድ የቀበረ ሰው ስለ ወፍ ማረፊያ እንዲያስብ ልንጠይቀው አይገባንም።

ረግረጉን ለማድረቅ የቱርክ መንግሥት በ1914 ለቤሩት ነጋዴዎች ፈቃድ ሰጥቶ ነበር። ፈቃዱ በ1934 ለአንድ የአይሁድ የመሬት ኩባንያ ተላለፈ። በ1948 በተደረገው ጦርነት የሸለቆው ዐረቦች የሚበዙት ከመንደሮቻቸው ተፈናቀሉ፤ የምንጣፍ ሥራውም አብሮ ቀረ። ሥራው የተጀመረው በ1951 ነው። ከሶርያ ድንበር አጠገብ ስለ ነበረ ጠብ ተነሥቶ ነገሩ እስከ ተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ጉባኤ ደረሰ፤ ቢሆንም ሥራው ቀጠለ። ውሃውን የያዘውን የጥቁር ድንጋይ ደፍ ቈርጠው የዮርዳኖስን መውጫ አሰፉት፤ አጐደጐዱትም። በሸለቆውም ውስጥ አንዱን በምሥራቅ፥ አንዱን በምዕራብ፥ ሁለት ታላላቅ ቦዮች ቈፈሩ። በ1958 ሐይቁም ረግረጉም አለቀ። 6,000 ሄክታር ያህል፥ በኛ አለካክ 150 ጋሻ የሚሆን መሬት ለእርሻ ወጣ። በአገሩ ሁሉ ታላቅ ደስታ ሆነ፤ ልጆችም በትምህርት ቤት ይህን እንደ ጀግንነት ሥራ ተማሩ። ነገር ግን ንዳዱ ከሥራው አስቀድሞ በዲዲቲ መድኃኒት እጅግ ተዳክሞ ነበር። ይህን ያስተዋሉ ጥቂቶች ነበሩ።

ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ ሐይንሪሕ መንደልሶን የሚባሉት የእንስሳት ሊቅ ናቸው። እርሳቸውና ባልንጀሮቻቸው ሁሉም አይድረቅ፥ ጥቂቱ እንኳ ለናሙና ይቅር እያሉ ለመኑ። በ1953 ተፈጥሮን የሚጠብቅ ማኅበር የተመሠረተው ከዚሁ ክርክር የተነሣ ነው። ከብዙ ምልልስ በኋላ 320 ሄክታር ያህል፥ ማለት 8 ጋሻ፥ እንዲተው ተፈቀደ። ይህም በ1964 የእስራኤል መንግሥት የመጀመሪያው የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ ሆነ። ከመቶ ሃምሳ ጋሻ ዘንድ ስምንት ጋሻ ምን ያህል ትንሽ እንደ ሆነ ባለ ርስት የሆነ አንባቢ ያውቀዋል። የኋላው ነገር ሁሉ ግን ከዚህች ከተረፈችው ቍራሽ ተነሣ።

አሁን ስለ ደረቀው መሬት እንናገር። በውሃ ሥር ለብዙ ሺህ ዘመን እየወደቀ የተከማቸው ደንገልና ቄጠማ፥ አየር ስለማያገኘው ሙሉ በሙሉ ሳይበሰብስ ወፍራም ጥቁር አፈር ሆኖ ተቀምጦ ነበር። ውሃው ሲሄድ አየር ገባበት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አዝመራው ያማረ ነበር፤ በኋላ ግን አፈሩ በየዓመቱ እየሟሸሸ መሬቱ ዝቅ ይል ጀመር፤ ከዘመንም በኋላ ዝቅታው በሜትር የሚቈጠር ሆነ። ይህ አፈር ሲደርቅ እንደ ኩበት ነው፤ እሳት ከያዘው ከላይ ሳይታይ ከሥር ይሄዳል፤ ውሃ ቢያፈሱበትም ቶሎ አይጠፋም። ገበሬው ማለዳ ወደ እርሻው ሲሄድ መሬቱ ከውስጥ ሲጤስ ያገኘው ነበር። ነፋስ ሲነሣም ጥቁሩን አቧራ ተሸክሞ በመንደሩ ላይ ይበትነዋል። ከዚህም በላይ የመስክ አይጥ በረከተ።

ከሁሉ የከፋው ግን በውሃው ላይ የደረሰው ነው። ረግረጉ ከተራራ ለሚወርደው ጎርፍ እንደ ጠጅ ማጥለያ ነበር፤ ደለሉን ይይዘዋል፥ ውሃውም ጠርቶ ወደ ጥብርያዶስ ባሕር ይወርዳል። ማጥለያው ከተነሣ በኋላ፥ ከሚበሰብሰው ጥቁር አፈር የሚፈታው ናይትሬት የሚባለው ጨውና ከእርሻ የሚታጠበው ማዳበሪያ በቀጥታ ወደ ባሕሩ ይገባ ጀመር። ያም ባሕር የአገሩ ሕዝብ ይጠጣው የነበረ ነው። በሸለቆው ብቻ ይኖሩ የነበሩ ሁለት ዓይነት ዓሦችም ፈጽመው ጠፉ።

ስለ አንዲት እንቁራሪት ደግሞ ልንገራችሁ፤ ልጆች ይህን ነገር ይወዱታልና። ሆዷ ጥቁር ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ ያለባት እንቁራሪት በ1940 በሑላ ተገኘች። መንደልሶንና ሌላ አንድ ሊቅ በ1943 ስለ እርሷ ጻፉ። በ1955 አንዲት ታየች፤ ከዚያ በኋላ ማንም አላያትም። በ1996 ከዓለም ጠፍታለች ተብሎ በመዝገብ ተጻፈ። በ2011 ግን የጥብቁ ስፍራ ጠባቂ ሲዘዋወር እንቁራሪቷን አገኛት። ከተመረመረችም በኋላ፥ ወገኖቿ ሁሉ ካለቁ ብዙ ዘመን የሆናቸው፥ አጥንታቸው ብቻ በድንጋይ ውስጥ የሚገኝ የጥንት ዘር መሆኗ ታወቀ። በመዝገብ የሞተችው እንቁራሪት ከሰው ዓይን ተሰውራ በዚያች ስምንት ጋሻ አካባቢ ኖራ ነበር። እኛ የመዝገብ ሰዎች ነንና ይህ ነገር ጥቂት ያሳፍረናል።

በ1990ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ የሸለቆው ሰዎችና መንግሥቱ ተመካክረው ጥቂቱን ውሃ ለመመለስ ቈረጡ። ሐሳቡ ስለ ወፎች አልነበረም፤ እርሻው እንዳይቃጠል፥ የሚጠጣውም ውሃ እንዳይበላሽ ነበር። በ1994 ከሁሉ ይልቅ ከዝቅታ የተነሣ ፍሬ በማይሰጠው መሬት ላይ ውሃ ለቀቁበት። መቶ ሄክታር ያህል፥ ማለት ሁለት ጋሻ ተኩል የሚሆን፥ ጥልቀት የሌለው አዲስ ሐይቅ ሆነ፤ ስሙንም አጋሞን አሉት። በእርሻው መካከል ቦዮችና መዝጊያዎች አበጅተው የምድር ውስጡን ውሃ ወደ ላይ አነሡት፤ ጥቁሩም አፈር እርጥብ ሆኖ ቆየ። እርሻው በዙሪያው እንዳለ ነው። ኦቾሎኒ፥ በቆሎ፥ ሽምብራና የከብት መኖ ይዘራበታል።

ወፎቹ ማንም ሳይጠራቸው መጡ። የእስራኤል አገር በኤውሮጳ፥ በእስያና በአፍሪቃ መካከል የተዘረጋ ድልድይ ስለ ሆነ፥ በዓመት ሁለት ጊዜ 500 ሚሊዮን ያህል ወፎች በሰማዩ ላይ እንደሚያልፉ ሊቃውንት ይገምታሉ። ከባድ ወፍ በሰፊ ባሕር ላይ መብረር ይከብደዋል፤ ምድር ስትሞቅ ወደ ላይ የሚወጣውን አየር እየተሳፈረ በየብስ ዳር ይሄዳል። ስለዚህ ሽመላውም፥ ንስሩም፥ ፔሊካኑም በዚህ ሸለቆ በኩል ይተላለፋል። ከበረሃው በፊት የሚያርፉበት ውሃ ሲያገኙ ወረዱበት። ዛሬ በሸለቆው የታዩት የወፍ ዓይነቶች ሲቈጠሩ 400 ሊሞሉ ጥቂት ይጐድላቸዋል።

ከእነርሱ ሁሉ ጠብ የተነሣው በዓጉር ነው። ዓጉር ከፊንላንድና ከሩስያ ረግረጎች ተነሥቶ ይመጣል፤ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ይበልጣል፥ ክንፉን ሲዘረጋ ሁለት ሜትር ያልፋል። ኦቾሎኒ በመከር ጊዜ ከመሬት ሲወጣ ብዙ ፍሬ ተበትኖ ይቀራል፤ ዓጉሮቹ ይህን ይለቅማሉ። እስከዚህ ድረስ ማንም አይከፋውም። ነገር ግን ሲሳዩ ስለ በዛላቸው፥ ወደ አፍሪቃ ማለፍ ከነበረባቸው ብዙዎቹ በሸለቆው መክረም ጀመሩ። (ክረምት ስንል የእነርሱን ክረምት ነው፤ ዝናባቸው ከኅዳር እስከ መጋቢት ነውና።) ቍጥራቸው በየዓመቱ እየጨመረ ከ30,000 በላይ ሆነ። ኦቾሎኒው ሲያልቅባቸው ወደ ተዘራው ሽምብራ ገቡ። ሠላሳ ሺህ ታላላቅ ወፎች በአንድ ማለዳ በቡቃያ ላይ ሲያርፉ የገበሬው ልብ ምን እንደሚሆን ማሳ ያለው ሰው ይገምተው። በችሎት ብዙ የድንበርና የአዝመራ ክርክር ይሰማል፤ ነገር ግን እንደዚህ ያለ ክርክር የለም፤ ተከሳሹ መጥሪያ አይደርሰው፥ ካሳ አይከፍል፥ ዋስ አይጠራ።

ገበሬዎቹ መጀመሪያ በጩኸትና በተኩስ አባረሩት፤ ወፉ ከአንዱ ማሳ ተነሥቶ በሌላው ያርፋል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግን ገበሬዎቹ፥ የመሬቱ ድርጅት፥ የጥብቅ ስፍራዎች መሥሪያ ቤትና የተፈጥሮ ማኅበሩ ተቀምጠው ተስማሙ። ስምምነቱ እንዲህ ነው። በመከር ወራት ዓጉሩ መንገዱን ወደ ደቡብ እንዲቀጥል ከማሳው ያባርሩታል። ለመክረም ለቀረው ግን አንድ ሜዳ ለይተው፥ ትራክተር በየቀኑ በቆሎ እየበተነ ይመግበዋል። ወጪውን ሁሉም ይካፈላሉ። ከዚያ ሜዳ ወጥቶ ወደ ተዘራ እርሻ የሚሄደውን ጠባቂዎች በመኪና እየዞሩ ይመልሱታል። በዚህም አኳኋን እርሻው ዳነ፥ ወፉም አልተገደለም፤ ሕዝቡም ሊያይ መጣ።

እኛ ግን ስለዚህ በቆሎ ሁለት ሐሳብ አለን፤ ምክንያቱም ነገሩ ወደ ቤታችን ይደርሳል። የዓጉር አኗኗር ከቤተ ሰብ ኑሮ ጋር የተያያዘ ነው። ወንዱና ሴቲቱ ተጋብተው ብዙ ዘመን አብረው ይኖራሉ፤ በዓመት ሁለት ዕንቁላል ይጥላሉ፤ ያሳደጉትንም ጫጩት በመጀመሪያ ጉዞው መካከላቸው አድርገው ይወስዱታል። መንገዱን ጫጩቱ ከአባትና ከእናቱ ይማራል፤ በሰልፉ ውስጥ ራሱ ቀይ ያልሆነው፥ ቡናማው እርሱ ነው። እንግዲህ ወላጆቹ በሑላ በቆሎ እየበሉ ከከረሙ፥ ልጃቸው የሚያውቀው መንገድ በሑላ ያበቃል። የሱዳንን በረሃ ተሻግሮ ወደ ጣና የሚያደርሰውን መንገድ የሚያስተምረው ያጣል። በፊንላንድ ምልክት ታስሮላቸው የተለቀቁ ዓጉሮች እስከ ኢትዮጵያ መምጣታቸው ታውቋል፤ ዛሬም የሚመጡ ብዙ ናቸው። ነገር ግን በሑላ ሜዳ የሚበተን በቆሎ ለፎገራ ልጆች የሚታየውን ሰልፍ ሊያሳንስ እንደሚችል ማሰብ ይገባል።

ሌላው ፍርሃት በዲሴምበር 2021 በዓይን ታየ። የወፍ ኢንፍሉዌንዛ የሚባለው በሽታ በሸለቆው ገባ። ዓጉሮቹ በአንድ ሜዳ ተጨናንቀው ስለሚበሉና በአንድ ውሃ ስለሚያድሩ በሽታው እንደ ሰደድ ተስፋፋ፤ ከ5,000 የበለጡት በጥቂት ሳምንት ሞቱ። ሠራተኞች ነጭ ልብስ ለብሰው፥ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው፥ ሬሳውን ከሐይቁ ያወጡ ነበር። በዚያው አውራጃ በመቶ ሺህ የሚቈጠሩ ዶሮዎች በሽታው እንዳይዛመት ታረዱ፤ ጥብቁም ስፍራ ለጎብኚ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ምግቡ ይቀነስ፥ ወፎቹም በአንድ ስፍራ አይሰብሰቡ የሚለው ሐሳብ በረታ። ገበሬው ደግሞ፥ «ምግቡ ከቀረ ወደኔ ማሳ ይመጣሉ፤ ያን ጊዜ ማን ይመልስልኛል?» ይላል። የሁለቱም ነገር እውነት አለው፤ ፍርዱም ገና አልተቈረጠም። እኛ በበኩላችን ወደ ገበሬው እናደላለን፤ ነገሩ ግን በቆሎው በድንገት ተቋርጦ ሳይሆን በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየተቀነሰ፥ ማሳውም እየተጠበቀ ቢሄድ የተሻለ ይመስለናል።

ስለ አይጡ ያልነውን ሳንጨርስ አንለፍ። በዚያ አገር ገበሬዎች አይጥን በመርዝ መግደል ወፎችን አብሮ እንደሚገድል አይተው፥ በእርሻቸው መካከል በዘንግ ላይ ሣጥን እየሰቀሉ ለጉጉት ቤት ይሠራሉ። ይህ ሥራ በ1980ዎቹ በቤትሳን ሸለቆ ተጀምሮ ወደ ሌላው አገር ተስፋፋ። ጉጉት ከጫጩቶቿ ጋር በዓመት በሺህ የሚቈጠር አይጥ ትበላለች። በኛ አገር ጉጉት በቤት ጣራ ላይ ከጮኸች መርዶ ነው ተብሎ በድንጋይ ትባረራለች፤ በጐተራችን ያለውን አይጥ ግን ድመቷ ብቻዋን አልቻለችውም።

አሁን ስፍራውን ከቤተ ሰብ ጋር ለመጐብኘት ለሚያስብ ጥቂት እንጨምር፤ በእስራኤል አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙዎች ናቸውና፥ ለበዓል የሚሄዱ ተጓዦችም አሉና። ስፍራው አንድ ሳይሆን ሁለት ነው፤ ሰዎች እያሳሳቱ አንዱን ለሌላው ይወስዱታል። የቀድሞው ጥብቅ ስፍራ በደቡብ ነው። በዚያ በረግረጉ ላይ በእንጨት የተሠራ ረጅም ድልድይ አለ፤ በላዩ እየሄዱ ከግራና ከቀኝ ደንገሉን፥ ከሥር ደግሞ ክንድ የሚያህለውን አምባዛ ማየት ይቻላል። ተመልሶ የመጣው የውሃ ጎሽም በጭቃው ውስጥ ተኝቶ ይታያል። ለትንንሽ ልጆችና ለሽማግሌዎች የሚስማማው ይህ ነው።

አጋሞን በስተ ሰሜን ነው። በዚያ አውቶሞቢል አይገባም፤ ሰው በእግሩ ወይም በቢሲክሌት ይሄዳል፤ ቤተ ሰብ አንድ ላይ ተቀምጦ በእግር የሚነዳውም ጋሪ ይከራያል። ዓጉሮቹን በቅርብ ለማየት የሚፈልግ ሰው ግን በትራክተር የሚጐተተው ወንበር ያለው ሠረገላ ላይ ይሳፈር። ዓጉሮቹ በቆሎ የሚያመጣላቸውን ትራክተር ድምፅ ስለሚያውቁ አይሸሹትም፤ ሠረገላው በመካከላቸው ሲገባ ራሳቸውን ቀና አድርገው አይተው መብላታቸውን ይቀጥላሉ። ሰው በእግሩ ወርዶ ቢጠጋቸው ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነሣሉ።

ሰዓቱ ከሁሉ ይበልጣል። ዓጉሮቹ ከውሃው የሚነሡት ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ረፍዶ የመጣ ሰው የሚያየው ጥቂቱን ብቻ ነው። ያልሆነለት በማታ ይምጣ፤ ፀሐይ ልትገባ ስትል ከየሜዳው በቡድን በቡድን እየጮኹ ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ፤ ድምፃቸውም ሰው ከጎኑ ያለውን እስከማይሰማ ድረስ ይበረታል። ወራቱ ለዓጉር ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ፔሊካኖች በመስከረምና በጥቅምት ያልፋሉ፤ ሽመላዎች በመጋቢት ከኛ አገር በኩል ሲመለሱ ይታያሉ። ማለዳው እጅግ ይበርዳልና ልጆችን ጋቢ ወይም ወፍራም ካፖርት ማልበስ፥ ትኩስ ሻይም በቴርሞስ መያዝ ይገባል። ልጅ ከመሄዱ በፊት ዝም ማለት ቤት ይለማመድ፤ ዳቦ ወደ ውሃው መወርወርም የተከለከለ መሆኑን ይነገረው፤ አለዚያ እናቱን በሕዝብ ፊት ያሳፍራታል። አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር አንድ ብቻ ካለ፥ ልጆቹ ሳይጣሉ የሚቀባበሉበትን ተራ አስቀድሞ መወሰን የአባት ፋንታ ነው።

ሸለቆው ከሊባኖስ ድንበር አጠገብ ስለ ሆነ ጦርነት ይነካዋል። ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ በዚያ ድንበር በተነሣው ውጊያ የቅርያት ሽሞና ከተማ ነዋሪዎች ቤታቸውን ለቀው ወጡ፤ የሸለቆውም እርሻ በብዙ ችግር ተሠራ። ወፎቹ ግን በዚያም ዓመት መጥተዋል። መሄድ የሚያስብ ሰው ስለ ጸጥታው አስቀድሞ ይጠይቅ።

ወደ ጣና እንመለስ። የጣና ባሕርና ዙሪያው በ2015 በተባበሩት መንግሥታት የትምህርትና የባህል ድርጅት መዝገብ ገብቷል። የፎገራ ሜዳ ጥቁር አፈር ነው፤ በዝናብ ጊዜ ውሃ ይተኛበታል፥ ውሃው ሲሸሽ ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል፤ ከቅርብ ዘመን ወዲህም ሩዝ ሆኗል። ከሜዳው መካከል ሽሸርና ወለላ የሚባሉ ሁለት ጥልቀት የሌላቸው ሐይቆች ነበሩ። በክረምት ከርብ ወንዝ በሚፈሰው ውሃ ይሞላሉ፤ ዓጉሮቻችን፥ ባለ አክሊሎቹም የአገራችን ዘመዶቻቸው፥ በዚያ ያድሩ ነበር። ገበሬው በሞተር ውሃቸውን እየሳበ ሽንኵርት ያጠጣል፤ ዳራቸውንም እየገፋ ያርሳል፤ ስለዚህ እጅግ ጠበዋል። ገበሬው ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ሽንኵርቱ የልጁን ልብስና ደብተር ይገዛለታል፤ ሐይቁ ግን እስካሁን ምንም አልከፈለውም። በሑላ ገበሬውን ለስምምነት ያበቃው ሜዳውን ሊያይ የሚመጣው እንግዳ ገንዘብ ትቶ መሄዱና የወፉን ወጪ ብቻውን አለመሸከሙ ነው። በፎገራ ግን ወፉን ሊያይ የሚመጣው እንግዳ ከሐይቁ ዳር ላለው ገበሬ የሚተወው ነገር ጥቂት ነው።

የካቲት ሲያልቅ በሑላ ትራክተሩ በቆሎ መበተኑን ያቆማል። ዓጉሮቹ ጥቂት ቀን በሜዳው ላይ ይንገላወዳሉ፤ ከዚያ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ምድር ስትሞቅ፥ ክንፋቸውን ዘርግተው እየዞሩ እየዞሩ ወደ ላይ ይወጣሉ፥ አርሞንዔምንም አልፈው ወደ ሰሜን ይሄዳሉ። በመጋቢት ከጣና የተነሡት ይደርሱና ባዶ በሆነው ውሃ ውስጥ አንድ ሁለት ሌሊት ያድራሉ። በዚያን ጊዜ የሚበተን በቆሎ የለም፤ ከተረፈው የኦቾሎኒ ማሳ ጥቂት ለቃቅመው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ።